አይብ ደግፎ የቆመው ሾፌር

በእኛ ሰፈር «ሾፌሩ» ካላችሁ የማያውቀው የለም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ግን መሪ ሳይጨብጥ ከአሥር ዓመት በላይ ኖሯል፤ አይብ ሻጭ ነው። የእኔ ፀጉር ቤት ከአይብ ሱቁ ፊት ለፊት ስለሆነ ፀጉሩን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ማበጠሪያዬን ሳላነሳ አይቡ የሚከርምበት የምድር ቤት ሽታ ከአንገቱ ሥር ይቀበለኛል፤ ጨው፣ እርጥብ እንጨት፣ የከረመ ወተት። «ታጥቤ ነው የመጣሁት እኮ» ይለኛል፣ እኔ ምንም ሳልናገር።

ሌላው ሰው ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ መስታወት ውስጥ የሚያየው ራሱን ነው። እሱ የሚያየው ከጀርባው ያለውን መንገድ ነው። አውቶቡስ ጠጋ ብሎ ሲያልፍ ቀኝ እግሩ የወንበሩን መርገጫ ጫን ያደርጋል። ፍሬን መያዙ ነው። ራሱ ግን አያውቀውም።

ድሮ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ይነዳ ነበር። ሚስቱንም ያገኛት እዚያው ነው። አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ መኪና ስለሚያጥወለውላት ሁልጊዜ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ትይዛለች። «እኔን ስታይ ይሻላት ነበር» ይላል እሱ። «ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ነው» ትላለች እሷ። ተጋብተው ከመስመሩ ወዲያኛው ጫፍ ካለው ከተማ ቤት ተከራዩ። እሷ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር ነበር። ጥሩ ኖሩ።

ከዚያ አባቷ ከምድር ቤቱ ደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ።

እኚህን ሰው ሰፈሩ በሙሉ አባባ ነው የሚላቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቤት ውስጥ የነበረችው ታናሽ ልጃቸው ያኔ ገና ደብተር ታቅፋ የምትመላለስ ተማሪ ናት። ምድር ቤት የተደረደረው፣ እንደ ፈረንጅ አይብ እየደረቀ የሚከርመው ክብ ክብ አይብ ደግሞ በየቀኑ የሚያገላብጠው፣ በጨው ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይዞ የሚወለውለው ሰው ይፈልጋል። ትንሽ ችላ ካሉት ሻጋታው የማይፈለግበት ቦታ ገብቶ ይቀመጣል። «አይብ ሕፃን ልጅ ነው፤ ተኝቷል ብለህ ጥለኸው አትወጣም» ይላሉ አባባ። ስለዚህ ትልቋ ልጃቸውና ባሏ ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። ሾፌሩ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ወሰደ። «እግሬ እስኪድን ብቻ ነው፣ ልጄ» አሉት አባባ።

እግራቸው ዳነ፤ የዳነው ግን ለሜዳ እንጂ ለደረጃ አልነበረም። በከዘራ እስከ ሱቁ ይሄዳሉ፤ ምድር ቤት መውረድ ግን ቀረ። የሾፌሩ ፈቃድ አለቀ፣ ተራዘመ፣ እንደገና አለቀ፣ በመጨረሻ አውቶቡሱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። «እዚሁ ቅር» ያለው ሰው የለም። ቢሉት ኖሮ እምቢ ይል ነበር፤ እምቢ ለማለት ግን መጀመሪያ የሚጠይቅህ ሰው ያስፈልጋል። አባባ ሰፊውን መኝታ ክፍል ለቀቁላቸው። ገበታ ላይ ጥሩ ጥሩውን ወደ እሱ ይገፋሉ። ጠዋት ከምድር ቤት ሲወጣ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁትና «እጅህ ይባረክ» ይሉታል።

«በገመድ ቢያስሩህ ትታገላለህ» አለኝ አንድ ቀን፣ ጺሙን እየላጨሁት። «በምርቃት ሲያስሩህስ ምኑን ትበጥሳለህ?»

«ለሚስትህ ንገራት።»

«አባቷ ናቸው እኮ! እዚህ ከመጣን ወዲህ ፊቷ በርቷል። ምን ብዬ ላጥፋባት?»

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። የእሱ እሺ ተጠራቅሞ ሺህ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። መደርደሪያው ይታጠብ? እሺ። ዘንድሮ አንድ መደርደሪያ እንጨምር? እሺ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ ፀጉሩ እኔው እጅ ላይ ሳስቶ አለቀ፤ እኔም እሱም ልብ ሳንለው።

ታናሽቱ ልጅ አደገች፣ ሥራ ያዘች፣ ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ መሐንዲስ ወደዳትና ሠርግ ተቆረጠ። ጣፋጭ ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ አይሆንላትም፤ ክሬም ካየች ፊቷን ታዞራለች። «የሠርጌ ኬክ የአባዬ አይብ ይሁን» አለች። «ከታች ትልቁ፣ ከላይ ትንሹ፣ አምስት ደርብ፤ በወይንና በቅጠል አስጊጡልኝ። ሰው ኬኩን በቢላ ሲቆርጥ አይብ ይሁንበት!»

አባባ ደስታቸው ወሰን አጣ። የሚሠራው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም። የታወቀ ነው።

ምርጫው አንድ ሙሉ ከሰዓት ወሰደ። አባባ ደረጃው አናት ላይ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ፤ ሾፌሩ ከታች አይቡን አንድ በአንድ እያወረደ ያሳያቸዋል። ጨለማ ስለሆነ ደህና አድርገው አያዩም። «አንኳኳው!» ይላሉ። በጣቱ አጥንት ኳ ኳ ያደርገዋል። «ይሄ ሆዱ ባዶ ነው፣ መልሰው። ቀጣዩን!» ኳ ኳ። «እሱን አውጣው!» እንዲህ እየተባለ ለመሠረት የመኪና ጎማ የሚያክል የከረመ አይብ ተመረጠ፤ በላዩ አነስ ያለ፣ እሱም ጠንካራ። ሦስተኛው ላይ ተጣሉ። ተጣሉ ማለት እንኳን አይቻልም።

«ቀዩ ቅርፊት ያለው ለስላሳው ይሁን» አሉ አባባ።

«አባባ፣ እሱ ገና ልጅ ነው። ሁለት አይብ ከላይ ሲጫንበት ይተኛል።»

«ሙሽራዋ የምትወደው እሱን ነው! እናቷም እሱን ነበር የምትወደው።»

ሾፌሩ ቀዩን አይብ ከተመረጡት አጠገብ አኖረው። «እሺ» አለ።

በማግስቱ ለሙከራ እዚያው ምድር ቤት ሲደረድረው ሙሽራዋ ወርዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በእንጨት ዘንግ አይቦቹን እርስ በርስ እየሰካ ነበር።

«ጋሼ» አለችው፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናንተ የቆያችሁት ለእኔ ብላችሁ ነው፣ አይደል? ብቻዬን እንዳልቀር።»

«ለአባባ እግር ነው» አላት እየሳቀ።

«እግሩማ ድሮ ዳነ! እኔ ስሄድ እናንተም ትሄዳላችሁ ብዬ ነው።»

እንደ ቀላል ነገር አለችውና ተነስታ ወጣች። እሱ ግን ዘንጉን እንደያዘ ቀረ። ለካ ቀን የተቆረጠለት ነገር ኖሯል! እሷ ስታገባ ያበቃል። በዚያው ሳምንት ፀጉር ቤት መጣና ወንበሩ ላይ እንኳን ሳይደላደል «ለፎቶ የሚሆን አድርገህ ከርክመኝ» አለኝ።

«ለሠርጉ?»

«ለመንጃ ፈቃድ። የድሮው ሞቷል፣ አዲስ ላወጣ ነው። ሠርጉ ይለፍና እነግራቸዋለሁ።»

ያን ቀን መንገዱን አላየም። መስታወት ውስጥ ራሱን አየ፤ ግንባሩን በእጁ ዳበሰና «ወይ ጉድ» አለ።

የሠርጉ ቀን አይቦቹ በየሣጥናቸው ሆነው በጭነት መኪና አዳራሽ ገቡ። የምሣ ግብዣ ስለነበር ፀሐዩ ቀጥ ብሎ ነው የመጣው። የኬኩን ጠረጴዛ ለፎቶ እንዲያምር ብለው መስኮት ሥር አድርገውታል፤ ከኮርኒስ የተሰቀለው ማራገቢያ ደግሞ አንድ ሁለት ዞሮ ተኛ። ሾፌሩ ጠረጴዛው ይነሳ ብሎ ነበር፤ አዳራሽ አስጊጪዋ ሰማችው እንኳን አይመስለኝም። ደረደረው። ወይኑን አንጠለጠለበት፣ ቅጠሉን በዙሪያው አኖረ። እውነቱን ለመናገር እንዲያ ያለ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም፤ ነጭ፣ ወርቅማ፣ ቀይ፣ ግራጫ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ጡጫ የምታክል በረዶ የመሰለች ክብ አይብ።

እኔ የተቀመጥኩት ከኬኩ ሁለት ጠረጴዛ ወዲህ ነው። ምግቡ እየተነሳ ሳለ ሾፌሩ ከሚስቱ አጠገብ ብድግ ብሎ ሲሄድ አየሁት። ቀዩ አይብ ማላብ ጀምሯል። ጎኑ እንደ ጠገበ ሰው ሆድ ተነፍቶ ወጥቷል፤ ከላዩ ያሉት ሁለቱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብለዋል። ሾፌሩ ከኬኩ ኋላ ዞሮ መዳፉን አስደገፈው። ቀና አለ። እጁን ሊያነሳ ሲል ተመልሶ ዘመመ። ሁለተኛ እጁን ጨመረ።

እዚያው ቀረ።

አስተናጋጁ «ምነው ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ» አለው። ሰው ሳቀ። «ኬክ ጠባቂ ቀጥረዋል እንዴ?» አለ አንዱ። ቪዲዮ ቀራጩ «ከፍሬሙ ይውጡልኝ» እያለ ይጨቀጭቀዋል። ሙዚቃ ተነሳ፤ ሙሽሮቹ ጨፈሩ፤ ሚስቱ ና እንጨፍር ብላ ከሩቅ በእጇ ጠራችው፤ በራሱ እምቢ አላት። ኬኩ የሚቆረጠው ከአባባ ንግግር በኋላ ነው ተብሏል። እሱም እስከዚያ ልቻለው ብሎ ጥርሱን ነከሰ። ላቡ ከቅንድቡ ላይ ይንጠባጠባል፤ የሚጠርግበት እጅ የለውም።

አባባ በከዘራቸው ተነሱ። ጸጥ ተባለ። መረቁ፣ ሙሽራውን አመሰገኑ፣ ሟች ሚስታቸውን አስታወሱ። ከዚያ «እንግዲህ ታናሽ ልጄን ዛሬ ሸኘኋት» አሉ። «ሰዎች አባባ አሁን ብቻውን ቀረ ይሉ ይሆናል። አልቀረሁም! እግዜር ሳልወልደው የሰጠኝ ወንድ ልጅ አለኝ። ሱቁም፣ ምድር ቤቱም፣ ያለኝም ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ የእሱ ነው። ወረቀቱም አልቋል።» ከኪሳቸው የምድር ቤቱን ቁልፍ አወጡ። «ና፣ ልጄ። ሰው ሁሉ እያየ ተቀበለኝ።»

ጭብጨባው አዳራሹን አናጋው።

እኔ የሾፌሩን ፊት እያየሁ ነበር። የማጨብጨብ ወኔ ከየት ይምጣ! ሰውየው ከአይብ ኋላ ቆሞ አመድ መሰለ። ጭብጨባው ቀነሰ፣ ቆመ። አባባ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው። «አፍሮ ነው!» አለች አንዲት ሴት። «አልቅሶ ይሆናል» አለ ሌላው። ሚስቱ ነገሩ ገባት፤ ገባት ስል ግማሹ ነው። ቀሚሷን ሰብስባ በፍጥነት ወደ እሱ ሄደች። የተባባሉትን በኋላ ሁለቱም ነግረውኛል።

«ወይኔ፣ ይህን ሁሉ ደግፈህ ነው የቆምከው? ሂድ፣ እኔ ልያዘው» አለችና እጇን ልታስገባ ሞከረች።

«አትያዥው።»

«ምን?»

«እባክሽ አትያዥልኝ። እጄ ከተለቀቀ መሄዴ ነው።»

«የት?»

«ወደ አባትሽ።»

አየችው። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ከኋላዋ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

«ሱቁን አትፈልገውም?»

«አልፈልገውም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

ዞራ ወደ አባቷ ሄደች፤ በጆሯቸው «አባዬ፣ እጁ አልተፈታም፤ ኬኩ ሊወድቅ ነው» አለቻቸውና ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው። ወደ ሰው ዞራም ጮክ ብላ «ኬኩ ይቆረጥ! ሙሽሮች የት አሉ?» አለች። ሙሽራዋ ቢላዋን ይዛ ሮጠች። ከላይ እስከ ታች እየተቆረጠ፣ በሰሐን እየታደለ ሲሄድ እሱ ቀዩ አይብ እስኪያልቅ ድረስ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ ጣፋጭ አይብ በልቶ እንደማያውቅ ተናገረ። አባባ ቁልፉን ኪሳቸው መልሰው አንድ ቁራሽ እንኳን አልቀመሱም።

ቤት ሲገቡ ሚስቱ በሩን ዘግታ ተነሳችበት። እሱ የጠበቀው ስለ አባቷ ነበር።

«እኔ እኮ ለአንተ ብዬ ነው የቆየሁት!» አለችው። «ሥራዬን፣ የማስተምራቸውን ልጆች፣ የራሴን ቤት ጥዬ! ጠዋት ጠዋት እያፏጨህ ትወርዳለህ፤ አባዬ ሲመርቅህ ራስህን ዝቅ ታደርጋለህ፤ አንድ ቀን ከፋኝ ብለህ ታውቃለህ? ይሄ ሰው ቦታውን አገኘ፣ እንዴት ላስነሳው ብዬ እኔ ሆድ ይፍጀው አልኩ!»

«የማፏጨው ጨለማው ስለሚከብደኝ ነው።»

«ታዲያ አትናገርም!»

«አንቺስ?»

አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። አይነቅዝ ይሆናል፤ ይሻግታል ግን። ከዚያ እሷ መሳቅ ጀመረች፣ ሳቋም ወደ ለቅሶ ሄደ። እሱ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፍቶት ውሃ አመጣላት።

አባባ ለቀናት አላናገሩትም። ገበታ ላይ ሰሐኑን መግፋት ተዉ። በመጨረሻ እሱ ፊታቸው ቆሞ «አባባ፣ አስቀይሜዎታለሁ» ሲላቸው ቀና ብለው እንኳን ሳያዩት «ሂድ። ማን ያዘህ?» አሉት። እኔ ጋ መጥቶ ሲነግረኝ ያን ነው ደጋግሞ የሚለው። «ማን ያዘህ አሉኝ! እውነታቸውን ነው። ማን ልበላቸው?»

በማግስቱ አባባ የማንም እርዳታ እንደማያሻቸው ሊያሳዩ ብቻቸውን ወደ ምድር ቤት መውረድ ጀመሩ። ደረጃው ወገብ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከዳቸው። አልወደቁም፤ ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። መውጣትም መውረድም የለ። አልተጣሩም፤ ኩራታቸው የት ሄዶ! ሾፌሩ ጨርቁንና የጨው ውሃውን ይዞ ሊወርድ ሲል አገኛቸው። አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ላውጣዎት?»

«አታውጣኝ። አውርደኝ።»

አዝሎ አወረዳቸውና የተገለበጠ ሣጥን ላይ አስቀመጣቸው። ከወደቁበት ቀን ወዲህ ምድር ቤቱን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። መደርደሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያብረቀርቃል፤ አይቦቹ በየዕድሜያቸው ተሰልፈዋል። አባባ አንዱን በእጃቸው ዳበሱ፣ ገለበጡ፣ ጀርባውን አሸተቱ።

«እንዲህ አድርገህ ይዘኸው ነው አልወድም የምትለው?»

«አልወድም፣ አባባ።»

«ምንም ምንም?»

«ሽታው ራሱ ያመኛል።»

ሽማግሌው አይቡን ወደ ቦታው መለሱ። «እኔ የወደድከው መስሎኝ ለሰው ሁሉ ሳወራ ኖርኩ» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር፤ «ባዝላቸውና እየጮሁብኝ ብወጣ ይቀለኝ ነበር» ብሎኛል።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። ሾፌሩ አዲሱን መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ የዓይን ምርመራ ጣለው፤ መነጽር ገዛ፤ ተመልሶ ተፈተነና ተሰጠው። ረጅሙን መስመር ወጣቶቹ ይዘውታል። የከተማ አውቶቡስ ላይ ተተኪ ሾፌር ሆነ፤ ሰው ሲታመም ወይ ሲቀር ይጠሩታል። ሚስቱ ከሰዓት በኋላ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ትረዳለች። ቤቱ ግን ያው ቤት ነው። ለምድር ቤቱ ሰው እስኪገኝ ተብሏል። ሰውማ ይመጣል፤ አባባ ወንበራቸውን ደረጃው አናት ላይ አድርገው ይፈትኑታል፤ አንዱ እጁ ከባድ ነው፣ አንዱ ጨው ይሰስታል፣ አንዷ ደግሞ ታወራለች። ማንም ከሳምንት አያልፍም። ሆን ብለው ነው ልበል? አይመስለኝም። በቃ ልባቸው አይቀበልም።

ባለፈው የደንብ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። «ከኋላ አሳጥረው፤ ባርኔጣውን ይይዝብኛል» አለኝ።

«ሰው አገኛችሁ?»

«ሰኞ አንድ ሰው ይመጣል ተብሏል።»

«ጎበዝ ነው?»

«አባባ በስልክ ሲያናግሩት ድምፁን አልወደዱትም።»

ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ቶሎ አቆመ። ፎጣውን ሳነሳለት ሰዓቱን አየና ተነሳ፤ ተረኛ የሚሆንበት ሰዓት ሳይደርስ አይቡ መገልበጥ ነበረበት። መንገዱን ተሻግሮ ሱቁ ውስጥ ሲገባ ሚስቱ ከባንኮኒው ኋላ ስትጮህ እዚህ ድረስ ተሰማኝ፤ «ኮትህን አውልቀህ ውረድ! ተሳፋሪው ሁሉ ይሸሽሃል!»